«ጨዋ» የማን ተቃራኒ ነው? የአንድ የጦር ቃል አመጣጥና ትርጉም

ዛሬ «ጨዋ» የሚለውን ቃል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ጋሻና ጦር አይታየውም። የሚታየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ታላቁን የሚያከብር፣ አንደበቱ ከስድብ የተጠበቀ ሰው ነው። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲላኩ «የጨዋ ልጅ» መሆኑ ይጠየቃል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያመሰግን «ጨዋ ቤተሰብ» ይላል። ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ውስጥ ይህ ቃል የጠባይ ስም አልነበረም። የንጉሥ ጦር ስም ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ ለሚሄድ ሰው፣ ቃሉ የተቀዳበት የግእዝ ሥር የሚናገረው ስለ ምርኮ ነው። ምርኮኛን፣ ወታደርን፣ የተከበረ ወገንን፣ ፊደል ያልቆጠረን ምእመንን፣ በመጨረሻም ትሑት ሰውን በየተራ የሰየመ ቃል በቋንቋችን ብዙ አይገኝም።

የቃላት ታሪክ ለብዙዎቻችን የጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን በ«ጨዋ» ጉዳይ ላይ የሚሠራው ስሕተት ቀላል አይደለም። በድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን የዛሬውን ትርጉም ወደ ጥንት ሰነድ የመውሰድ ልማድ አለ፤ በተቃራኒውም «ጨዋነት»ን ከዘመናት በፊት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ አገራዊ እሴት አድርጎ የማቅረብ ልማድ አለ። ሁለቱም የሚመነጩት ቃሉ ብቻውን የቆመ ይመስል ትርጉሙን ከመፈለግ ነው። «ጨዋ» ብቻውን ቆሞ አያውቅም። በየዘመኑ ትርጉም የሰጠው በአንጻሩ የቆመው ሰው ነው፤ ስለዚህ በማናቸውም ሰነድ ላይ ልንጠይቀው የሚገባን የመጀመሪያ ጥያቄ «ጨዋ ምን ማለት ነው?» ሳይሆን «ጨዋ ያልሆነው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ከሥሩ እንጀምር። በግእዝ «ጼወወ» ማረከ ማለት ነው፤ «ጼዋ» ምርኮ፣ ምርኮኛ፣ ከአገር መፍለስ የሚሉትን ትርጉሞች ይይዛል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ አንባቢ «ጼዋዌ» ሲባል ወዲያው የባቢሎንን ምርኮ ያስባል። ከግእዙ «ጼዋ» ወደ አማርኛው «ጨዋ» የሚወስደው የድምፅ መንገድ የታወቀ ነው። የግእዝ «ጸ» በአማርኛ አንዳንድ ጊዜ «ጠ»፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ጨ» ሆኖ ይገኛል፤ «ወጽአ» «ወጣ» ሲሆን «ጸልመ» ግን «ጨለመ» ሆኗል። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ «ጼው» ነው፤ አማርኛው «ጨው» ይለዋል። በዚህ ምክንያት «ጼዋ» «ጨዋ» መሆኑ ከሥርዓት የወጣ ነገር የለውም።

እግረ መንገዴን ሁለት ተወዳጅ አፈታቶችን ላንሣ። የመጀመሪያው «ጨዋ» ከ«ጨው» መጣ፣ ጨዋ ሰው ማኅበሩን እንደ ጨው ያጣፍጣልና የሚለው ነው። ለስብከት ያማረ ነው፤ ለሥርወ ቃል ግን አይሆንም፤ በግእዝ «ጼው» እና «ጼዋ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና። ሁለተኛው «ጨዋታ»ን የጨዋ ሰዎች ወግ አድርጎ የሚተረጉመው ነው። እዚህም ላይ «ተጫወተ» የሚለውን ግሥ ማየት ይበቃል፤ «ት» የግሡ አካል እንጂ በ«ደስታ» ወይም በ«ሰላምታ» መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው ያለ ቅጥያ አይደለም። «ወታደር»ን «ወጥቶ አደር» ብሎ መፍታትም ከዚሁ ወገን ነው። «አርሶ አደር» እና «ሠርቶ አደር» የሚሉት ቃላት ስላሉን አፈታቱ ለጆሮ ይስማማል፤ የጆሮ መስማማት ግን ከጥንት ጽሑፎች የሚገኝ የአጻጻፍ ማስረጃን አይተካም።

አሁን ወደ ጦር ሰፈሩ እንግባ። በዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ዘመን ከተስፋፋው መንግሥት ጋር የንጉሡ ጦር አወቃቀርም ሰፋ። ንጉሡ ያስገበሯቸው የዳሞትና የሐድያ ሰዎች በዜና መዋዕላቸው በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈው ይገኛሉ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ዘመን ደግሞ ሥርዓቱ ጎልቶ ይታያል፤ ፔሩሾን በ1893 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ያሳተመው ዜና መዋዕል የየክፍለ ጦሩን ስም እየጠራ የት የት እንደ ሰፈረ ይናገራል። ደዋሮና ባሌን በመሰሉ የጠረፍ አገሮች የጨዋ ጦር ይሰፍር ነበር። ክፍለ ጦሮቹ ማዕርግና ግርማ ያለው ስም ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ «ጃን አሞራ» ነው፤ ስሙ ዛሬም በሰሜን ተራሮች አካባቢ የወረዳ መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። ጦሩ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሰፈረበት ምድር ግን ስሙን አልመለሰም።

የምርኮ ስም እንዴት የክብር ጦር ስም ሆነ? እስካሁን ሁለት መልሶች ተሰጥተዋል። አንደኛው፣ የመጀመሪያዎቹ ጨዎች በእርግጥ ምርኮኞች ወይም ከተሸነፈ አገር የተወሰዱ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው ይላል። የዳሞትና የሐድያ ሰዎች በንጉሡ ሰልፍ ውስጥ መገኘታቸው ይህን ይደግፋል። ሁለተኛው ከ«ጼዋ» ትርጉሞች መፍለስን ይመርጣል፤ ጨዋ ማለት ከትውልድ ስፍራው ተነቅሎ በሌላ አገር የሰፈረ ወታደር ነው ይላል። ሁለቱን እንደ ተቀናቃኝ መላምት ማቅረብ የተለመደ ነው። እኔ ግን ጠቡ አይታየኝም። የተማረከም ሰው ሆነ በትእዛዝ የፈለሰ ሰው፣ በሰፈረበት ምድር የአባት ርስት የለውም፤ ዘመድ አይከላከልለትም፤ የአገሩ ሰው በጥርጣሬ ያየዋል። የሚታመንበት ንጉሡ ብቻ ነው፤ ንጉሡም የሚሻው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ቃሉ የሰየመው የትውልድ ምንጭን ሳይሆን ከንጉሡ ጋር ያለን ግንኙነት ነው ብንል፣ ክፍለ ጦሩ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለየክፍለ ጦሩ ለየብቻው የሚመረመር ይሆናል።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዚያው ዘመን ግብፅን ይገዙ የነበሩት (እ.ኤ.አ. 1250–1517) ማምሉኮች ስማቸው በዐረብኛ «ንብረት የሆነ» ማለት ነው። በገንዘብ ተገዝተው የመጡ ወታደሮች ሱልጣን ሆኑ፤ ስማቸውም የገዢ ስም ሆነ። ንጽጽሩን ከዚህ አልፌ አልገፋውም። የጨዋ ጦር በገበያ አልተገዛም፤ የራሱን ሥርወ መንግሥትም አላቆመም።

ከንጽጽር ይልቅ ብዙ የሚያስተምረን በራሳችን ቋንቋ ውስጥ ያለ የአንድ ሌላ ቃል ዕጣ ነው። «አሽከር» ከዐረብኛው «ዐስከር» የመጣ ነው፤ ዐስከር ጦር፣ ሠራዊት ማለት ነው። በአማርኛ መጀመሪያ መሣሪያ ይዞ ጌታውን የሚከተለውን ሰው ሰየመ፤ ቀስ በቀስ የቤት አገልጋይ ስም ሆነ። ከምርኮ የተነሣው ቃል ወደ ላይ ወጣ፤ ከሠራዊት የተነሣው ቃል ወደ ታች ወረደ። ልዩነቱን የፈጠረው በእኔ እይታ መሬት ነው። ጨዋው በሰፈረበት አገር ከገበሬው ግብር የመብላት መብት ተሰጠው፤ መብቱም ወደ ልጆቹ የሚተላለፍበትን መንገድ አገኘ። አሽከሩ ግን ቀለቡን የሚያገኘው ከጌታው እጅ ነበር። የሚያበላው ምድር ያለው ሰው ስሙን ለልጁ ያወርሳል፤ ከሰው እጅ የሚበላ ሰው ግን የሚያወርሰው የለውም።

ስለዚህ የ«ጨዋ» የመጀመሪያው ተቃራኒ ገበሬው ነው። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቃሉን እንደ ሰማው መዝግቦ የጦር ሰዎች ማለት እንደ ሆነ ይፈታዋል። ለውጭ ሰው እንኳ ግልጽ የነበረ የኅብረተሰብ ክፍፍል ነበር፤ የሚዘምት አለ፣ ለሚዘምተው የሚያርስ አለ። ይኸው ክፍፍል በ1593 (እ.ኤ.አ.) አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ በጻፉት ታሪክም ይታያል። አባ ባሕርይ የክርስቲያኑ መንግሥት ለምን እንደ ተሸነፈ ሲመረምሩ የአገሩን ሰው በዐሥር ይከፍሉና ዘጠኙ ወደ ጦርነት የማይሄድ፣ ዐሥረኛው ብቻ ጋሻና ጦር ይዞ ንጉሡን የሚከተል መሆኑን ያሳያሉ። ጸሐፊው ራሳቸው የቤተ ክህነት ሰው ሆነው ከማይዋጉት ክፍሎች ውስጥ መነኮሳትንና ደብተራዎችን መቁጠራቸው ያስደንቃል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አቆጣጠሩ ነው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ መዋጋትና አለመዋጋት ሰውን ከሰው የሚለይ ዋና ድንበር ነበር።

የጨዋ ጦር እንደ ጦር የወደቀበትን ሂደት እዚህ በሰፊው አልተርክም። የኢማም አሕመድ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1529–1543) ብዙ ክፍለ ጦሮችን በትኗል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ወደ ሌላ የጦር አወቃቀር ዞረዋል። መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናትና ደረሰ አየናቸው በ2014 (እ.ኤ.አ.) በአናል ዴትዮፒ መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ጉዳይ መነሻ የሚሆኑ ሥራዎች ናቸው። የወታደርን ሥራ «ወታደር» የሚለው ስም ሲረከበው፣ «ጨዋ» ሥራውን አጥቶ ክብሩን ይዞ ቀረ። የሰው ልጅ ማዕርግ ከሥራው ሲለያይ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ስሙ ከአያቶች ሥራ ወደ ልጆች ትውልድ ተሻገረ። «የጨዋ ልጅ» የሚለው ሐረግ ይህን ሽግግር በውስጡ ይዟል፤ አባቱ ጨዋ የነበረ ሰው እንጂ ራሱ መልካም ጠባይ ያሳየ ሰው ማለት አልነበረም።

በዚሁ ጊዜ ቃሉ በሌላ ደጅ ፍጹም የተለየ ትርጉም አወጣ። በቤተ ክህነት አነጋገር ጨዋ ማለት ካህን ያልሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሌለው ሰው ነው። ከአፀደ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ለሚመለከት ሰው ባለ ጋሻውም፣ ባለ ጉልቱም፣ ሌላውም ዓለማዊ ሁሉ አንድ ወገን ነው፤ የጸሎቱን መጽሐፍ የማያነብ፣ ዜማውን የማያዜም ወገን። ትምህርት በቤተ ክህነት እጅ በነበረበት ዘመን ይህ ትርጉም ወደ «ያልተማረ»፣ «ማይም» ለመሻገር አንድ እርምጃ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ተሻገረም። እንግዲህ አንድ ቃል በጌታ አዳራሽ ሲጠራ ማሞገሻ፣ በቅኔ ማሕሌት ሲጠራ የዕውቀት ጉድለት ምልክት ነበር። ሊቃውንቱ «ጨዋ ነው» ሲሉ ትሑት ነው ማለታቸው አይደለም።

ይህን ያልለየ ተመራማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ቅርብ ነው። እንበል፣ በአንድ የጉልት ሰነድ ላይ «ካህንም ቢሆን ጨዋም ቢሆን» የሚል ሐረግ ገጠመን። ተቃራኒውን ያየ አንባቢ ጨዋው ምእመኑ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ተቃራኒውን ያላየ ግን «ካህንም ቢሆን መልካም ሰውም ቢሆን» ብሎ ተርጉሞ፣ ሰነዱ ካህናትን ከመልካም ሰዎች ለይቷል የሚል እንግዳ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል። ዛሬ ደግሞ ጉድጓዱ ሰፍቷል። በአማርኛ ጽሑፎች ላይ የስሜት ትንተና ለመሥራት በኮምፒዩተር የሚዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮች «ጨዋ»ን ከአዎንታዊ ቃላት ጎራ ቢመድቡት ለዘመናችን ጋዜጣ ልክ ናቸው። ያንኑ ዝርዝር በዘመነ ጎንደር ወይም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ላይ ማሠራት ግን ጦርን ትሕትና፣ ማይምነትን ውዳሴ ብሎ እንደ መቁጠር ነው።

ከተቃራኒዎቹ ሁሉ የሚከብደው ባሪያ ነው። በቅርብ ዘመን አማርኛ ጨዋ ማለት በነጻነት የተወለደ፣ ባሪያ ያልሆነ ሰው ማለትም ነበር። ምርኮን ከሚሰይም ሥር የበቀለ ቃል፣ በምርኮና በሽያጭ ነጻነቱን ያጣውን ሰው ከክብር አጥር ውጭ የሚያቆም ቃል ሆነ። ይህን ነጥብ ሥርወ ቃልን የሚወዱ ጸሐፊዎች እንደ አስገራሚ ነገር ጠቅሰው ያልፉታል። እኔ ግን ቆም ልንልበት ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢሻርም፣ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም የገባርና የባለ መሬትን ግንኙነት ቢያፈርስ፣ ቃሉን የሚሽር ዐዋጅ አልነበረም። በብዙ አካባቢ ለጋብቻ የዘር ቆጠራ ሲደረግ የሸማኔ፣ የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ «ከጨዋ ወገን አይደለም» ሲባል፣ የሚናገረው ሰው ስለ ጠባይ እየተናገረ አይደለም። ልጅቱ ምን ያህል ትሑት ብትሆን በዚህ ትርጉም ጨዋ አትባልም። ሁለቱ ትርጉሞች፣ የዘርና የጠባይ፣ በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ የመጀመሪያው በሁለተኛው ልብስ ተሸፍኖ ማለፍ ይችላል። «ጨዋነትን መጠበቅ» ሲባል የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ቃላት ይለወጣሉ፤ ዛሬ ሕዝቡ በጨዋ የሚረዳው መልካም ጠባይን ከሆነ፣ የአያቶቹን ትርጉም እየቆፈሩ የዛሬውን ማጠልሸት ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የቃል ምንጭ ትርጉሙን አይወስንም፤ ማንም ሰው ልጁን ጨዋ ሁን ብሎ ሲመክር ምርኮኛ ሁን ማለቱ አይደለም። የኔ ክርክር ቃሉን ከአፋችን እናውጣው የሚል አይደለም። የዛሬው ተቃራኒ ባለጌ ነው፤ ባለጌ የሚያሰኘውም ድርጊት ነው፣ ቢያንስ በአብዛኛው አነጋገራችን። ይህ መሻሻል ነው። ነገር ግን አንድ ጥናት «ጨዋነት ከጥንት ጀምሮ የኅብረተሰባችን የጋራ እሴት ነበር» ብሎ ሲጽፍ፣ የጋራ ያልነበረውን የጋራ ያደርገዋል። ቃሉ በረዥሙ ታሪኩ አብዛኛውን ክፍል የሠራው ሰውን ከሰው ለመለየት ነበር፤ ሲለይም ባለ መብቱን ከአራሹ፣ የተወለደውን ከተሸጠው ነበር። በታሪክ ሰነድ ላይ የሚሠራ ተማሪ ይህን ካላወቀ የሚያጣው አንድ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ በሰነዱ ውስጥ ስማቸው ያልተጠራውን ሰዎች ሁሉ ያጣል።

ለጽሑፍ አርታዒዎች የምሰነዝረው ሐሳብ ቀላል ነው። በጥንት ሰነድ ትርጉም ላይ «ጨዋ»ን በአንድ የውጭ ቃል ከመተካት እንዳለ መተውና፣ በየቦታው በአንጻሩ የቆመው ማን እንደ ሆነ ማመልከት ይሻላል። ገበሬ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ካህን ከሆነ ሌላ፤ ባሪያ ከሆነ ደግሞ ሌላ። ተቃራኒው ያልተጠቀሰበት ቦታም ይኖራል፤ እዚያ ላይ ሰነዱ የተጻፈው በአዳራሽ ነው ወይስ በገዳም የሚለው ጥያቄ ብዙ ይረዳል። የመዝገበ ቃላት ሥራዎቻችንም፣ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድን (1962 ዓ.ም.) ታላላቅ ድካሞች ጨምሮ፣ ከዚህ አንጻር እንደገና ሊነበቡ ይገባል፤ ሁለቱም ሊቃውንት ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ናቸውና፣ ጨዋን ከየትኛው ደጅ ሆነው እንዳዩት መመርመር ራሱን የቻለ ርእስ ነው።

ከመጽሐፍ ውጭም ያልተነካ ሥራ አለ። የጨዋ ክፍለ ጦሮች በሰፈሩባቸውና ስማቸውን በተዉባቸው ቦታዎች የሚኖሩ ሽማግሌዎች «ጨዋ» ሲሉ ማንን እንደሚሉ፣ ማንን እንደማይሉም፣ ተጠይቆ ሊመዘገብ ይችላል። በተለይ ማንን እንደማይሉ መጠየቁ ዘዴና ትዕግሥት ይሻል፤ ጥያቄው በአንድ መንደር ውስጥ አብረው የሚኖሩ ሰዎችን የሚነካ ነውና፣ በጨዋ ደንብ ላይመለስ ይችላል። በሌላው የአገልግሎቱ ጫፍ ደግሞ ጋዜጦቻችንና የራዲዮ ጣቢያዎቻችን በየሳምንቱ የሚጠቀሙበት «ስፖርታዊ ጨዋነት» አለ። በስታዲየም ውስጥ ድንጋይ የወረወረ ደጋፊ «የስፖርታዊ ጨዋነት ጉድለት» አሳየ ይባላል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። አንድ የጦር ሠራዊት ስም ጠብን ማስቀረት ማለት የሆነበት፣ ተቃራኒውም ሰው ሳይሆን ድርጊት ብቻ የሆነበት አገልግሎት ይህ ይመስለኛል፤ ከመቼ ጀምሮ በኅትመት እንደ ታየ የቆዩ ጋዜጦችን ገልጦ የሚፈልግ ተማሪ ቢገኝ፣ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ይሆንለታል።